ላማችን በሰማይ

ጡረታዬ በወር አንዴ ትመጣለች። ትንሽ ናት። ግን አውሮፕላን አትጠብቅም፣ ክረምት አያስቀራትም፣ ጫማሽን አውልቂ የሚላትም የለም። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬ ያተረፍኩት እሷን ነው። ልጆቼ ሲስቁባት ኖሩ። «አባባ፣ ይቺንማ እኔ ከአንድ ጥንድ ፈረንጅ አገኛታለሁ» ይለኝ ነበር ትልቁ። ጥንድ ነው የሚለው፣ እንደ በሬ።

ዛሬ እሱ፣ ታናሹ፣ የታናሹ ሚስትና ልጆቻቸው በዚያችው በተሳቀባት ጡረታ ማዕድ ዙሪያ ቁጭ ይላሉ። እኔም እንጀራው ሳይቆረስ «ዛሬ ስንት ጥንድ መጣ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «ተው አንተ ሰው፣ ማዕድ ላይ ሰው አይነካም» ትላለች። አልተውም። አርባ ዓመት ያጠራቀምኩት ነው።

የላሊበላ ሰው ነኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ስለ ቱሪስት ማጉረምረም የጀመርኩት ገና ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። መጀመሪያ ያናደደኝ መፈክሩ ነበር። «የ13 ወር ጸጋ» ተብሎ አገራችን ለዓለም ተዋወቀች፤ በእንግሊዝኛው ጸጋው ፀሐይ ሆኖ አረፈው፣ የ13 ወር ፀሐይ። ሐሳቡ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት የአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ብልህ ሰው ነበሩ። ግን እስቲ በሐምሌ እዚህ እኛ ጋ ላስታ ላይ የቆመ ሰው ይፍረደኝ! አሥራ ሦስተኛዋስ ወር ብትሆን ጳጉሜን አይደለችም እንዴ? አምስት፣ ሲበዛ ስድስት ቀን አላት፣ ሁሉንም ታካፋለች። ክፍል ውስጥ ስለ ክረምት ዝናብ ሳስተምር አንዱ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ግን ፀሐይ ነው የሚለው» ብሎኛል። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ መፈክሩ ተቀይሮ «ምድረ ቀደምት» ሆነ። እሱ ይሻላል። ቢያንስ ዝናብ አያጋልጠውም።

ሁለተኛ ያናደደኝ የክፍሌ ባዶ መሆን ነው። ከ1983 ዓ.ም በኋላ መንገዱ ሲከፈት፣ አውሮፕላኑ ሲመላለስ፣ የኔ ተማሪ ረፋዱ ላይ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ የኋላ ወንበር ይቀልላል። ከየብስ ከባሕሩ፣ ከአፈሩ ከማዕድኑ፣ ካስተማርኩት ሁሉ ገበያ ያገኘው ዋና ከተማ ብቻ ነበር። «ከየት ነህ? ጀርመን? ዋና ከተማ በርሊን!» ሲሉ ፈረንጁ ይስቃል፣ ኪሱን ይዳብሳል። ለፈተና አልሸመድድም ያለኝ ልጅ የኡራጓይን ዋና ከተማ እንቅልፉን አጥቶ ሲሸመድድ አይቻለሁ። ኡራጓያዊ መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣስ ብሎ ነው።

መዝገበ ቃላቱማ ሌላ ጉድ ነው። ልጁ ፈረንጁን ጠጋ ብሎ ገንዘብ አልፈልግም፣ መማር ነው የምፈልገው፣ መዝገበ ቃላት ግዛልኝ ይላል። ፈረንጁ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ሱቅ ገብቶ ይገዛለታል። ማታ መጽሐፉ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ባለሱቁና ልጁ ይካፈላሉ። አንዲት መዝገበ ቃላት ስንት ጊዜ እንደተሸጠች እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ተከፍታ ግን አታውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት መጽሐፍ ግዙ ብዬ ሰሚ አጥቼ፣ በመጨረሻ መጽሐፍ ሲፈለግ ያየሁት በዚህ መልኩ ነው።

ከዚያ የጫማው ነገር። የኛ መቅደሶች አሥራ አንድ ናቸው፤ በየደጁ ጫማ ይወልቃል። ጫማ የሚወልቅ ከሆነ ጠባቂ ያስፈልጋል ተባለ። ጠባቂው አራተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ የደገመብኝ ልጅ ነበር። የፈረንጁን ጫማ ተቀብሎ አፉን ወደ መውጫው አዙሮ ይደረድራል፤ በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሻይ ጋበዘኝ። ሒሳቡን ለመክፈል ስሽቀዳደም «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት፣ እርስዎማ መምህር ነዎት» አለኝ። አዝኖልኝ! ያንን ሻይ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ይኼንን ሁሉ ሳነሳ ትልቁ ልጄ፣ አስጎብኚው፣ ኢኮኖሚ ሊያስተምረኝ ይሞክር ነበር። ቱሪዝም ማለት ሳይጫን የሚላክ ሸቀጥ ነው ይለኛል። ቡናው በመርከብ ይሄዳል፣ ወርቁ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ይሄኛውን ግን ገዢው ራሱ መጥቶ፣ አይቶ፣ ከፍሎ፣ ዕቃውን እዚያው ትቶልህ ይሄዳል። «ይኸው ቤተ ጊዮርጊስ ስምንት መቶ ዓመት ተሸጦ አላለቀም» ይላል። አነጋገሩ ደስ አይልም፤ የተሸጠ መቅደስ የለም ብዬ ገሥጬዋለሁ። ግን ደግሞ እንቁላሉን ሲያስቆጥረኝ ዝም እላለሁ። አንዱ ፈረንጅ ጠዋት ሁለት እንቁላል ይበላል። እንቁላሉን ያመጣችው የገጠር ሴት ናት፤ በገንዘቡ ጨውና ሳሙና ገዝታ ትመለሳለች። ባለጨው ለባጃጁ ይከፍላል፣ ባለባጃጁ ማታ ጠጁን ይጠጣል፣ ጠጅ ጣይዋ ማር ትገዛለች። «አባባ፣ በሁለት እንቁላል ስንት ሰው አደረ?» ይለኛል። እኔም «ዶሮዋስ ምን አገኘች?» እለዋለሁ፤ የምለው ሲያልቅብኝ ነው።

የማይነግረኝ ነገር ደግሞ ነበረ። ፈረንጁ የጉዞውን ገንዘብ የሚከፍለው ገና ከአገሩ ሳይነሳ፣ እዚያው ላለ ደላላ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ደላላው ይወስዳል፣ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ያለው ይወስዳል፣ ላሊበላ ሲደርስ የሚቀረው እንጥፍጣፊ ነው። መግቢያው ብዙ ዓመት 50 ዶላር ነበር፤ እሱ ለቤተ ክህነት ገባ፣ ይግባ። ለልጄ የሚደርሰው የቀን አበሉና ጉርሻው ነበር። በዚያች እንጥፍጣፊ ሰው ቤት ሠራ። ታናሹ የሆቴል ወጥ ቤት ገባ፣ ሚስቱ ነጠላና ጋቢ ለፈረንጅ መሸጥ ያዘች፣ አማቼ በቅሎ ገዝቶ ወደ አሸተን ማርያም ሽቅብ ሰው ያመላልስ ጀመር። ብድር ወስዶ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ያቆመው ሰው ብዛት! ጤፍና ሽንብራ የሚዘራው ጠፋ። የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ምክር ቤት የሚሉት ኮሮና ሳይመጣ በ2019፣ በፈረንጆቹ ቁጥር ማለት ነው፣ በዓለም ላይ ካለው ከ10 ሥራ አንዱ በቱሪዝም ላይ የቆመ ነው ብሎ ነበር። እኔ ቤት መጥቶ ቢቆጥር ከአራቱ አራቱ ነበሩ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አባቶቻችን ይኼን አይተው ይሆን? የኛ ላም ለየት የምትለው ወተቷን ማየታችን ነው። በየረፋዱ ከሰማይ ትወርዳለች፣ ታልባ ትሄዳለች። ያስቸገረው መውረድ ስታቆም ነው።

መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ድንበር የሚሻገረው ጎብኚ ከመቶ ከሰባ እጅ በላይ ቀነሰ፤ ይኼ ፓሪስም ደረሰ፣ ሮምም ደረሰ። እኔም በልቤ «እንኳን ጸጥ አለ» ብዬ ነበር፤ ኃጢአቴን ልናገር። መቅደሱ ፎቶ አንሺ ሳይኖርበት ቅዳሴ ሲቀደስ እንዴት ደስ ይላል! ሁለት ሳምንት ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ትልቁ ልጄ ከነልጁ መጥቶ እኔ ጋ ከረመ። ቀጥሎ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ገባ። በእሱ ላይ አላጉረመርምም፤ የሚያጉረመርሙበት ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰላሙ ሲመጣ ሲሄድ፣ አውሮፕላኑም ሲመጣ ሲቀር፣ ሆቴሎቹ አንዳንዱ ተዘግቶ ዘበኛ ብቻ ቀርቷል። ፎቅ ከሠሩት አንዱ በረንዳው ላይ ጎመን ተክሏል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጎመን በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ነው።

አስጎብኚዎቹ ምን ሆኑ? አንዱ አዲስ አበባ ሹፌር ሆነ፣ አንዱ ዐረብ አገር ሄደ፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ተሳፋሪውን በጣልያንኛ ነው የሚያናግረው፣ ሥራው እንዳይጠፋው። የኔው ልጅ አራት ቋንቋ ይዞ ቤት ተቀምጧል። በአራቱም ዝም ይላል።

አንድ ነገር ላይ ግን አሁንም አልተስማማንም። ገና ሲደርስ ምእመኑ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከየትም ይመጣል፤ ግማሹ በእግሩ፣ በሶውን ቋጥሮ። እናቴ በጊዜዋ የተሳላሚ እግር ታጥብ ነበር፤ የከተማው ሰው ወጉ ነው። የገና ለት ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ከላይም ከታችም ሰው እንደ ጥጥ ይነጣል።

«ይኸው ቱሪስት!» አልኩት ልጄን።

«አባባ፣ እነሱ ተሳላሚ ናቸው እንጂ።»

«ለቅጥር ሥራ ካልሆነ በቀር፣ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሌላ ቦታ አድሮ፣ ዓመት ሳይሞላው የሚመለስ ሁሉ ጎብኚ ነው፤ ዓለም አቀፉ ትርጉም ይኼ ነው። አላስተማርኩህም?»

«ብርስ?»

«ሻማ ይገዛል። ጧፍ ይገዛል። ሻይ ይጠጣል። ሲመለስ ለልጁ የአንገት መስቀል ይይዛል።»

«የሻማ ብር ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አያቆምም» አለኝ።

«አያፈርስምም» አልኩት። ይኼን ጊዜ ባለቤቴ ቡናውን አቀረበች፤ ስትፈርድ ቡና ነው የምታቀርበው።

ፈረንጅ አይምጣ አላልኩም እኮ። መጥቶ አይቶ መጀመሪያ የጻፈልን ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። አይቶ ደነገጠ፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ ማንም አያምነኝም ብሎ ነው ያቆመው። መግቢያ አልከፈለም፣ አስጎብኚም አልያዘም፣ ዋና ከተማህ ማን ነው ያለውም የለም። የኔ ጠብ ከተከተለው ነገር ጋር ነው። በ1989 ዓ.ም «አፍሮ አይገባ» የሚባለው ወርቅ መስቀላችን ተሰርቆ ቤልጂየም ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። ዓመታት ፈጅቶ ተመለሰ፤ እንደ ስሙ አፍሮ አልገባም፣ በዕልልታ ነው የገባው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም ገደማ አንዳንዶቹን መቅደሶች ከዝናብ ይከልላል ተብሎ ያ ግዙፍ ጣራ መጣ። ለጊዜው ነው ተባለ። እኔ ለጊዜው የተባለ ነገር በዚህ አገር ሲነሳ አላየሁም፤ ራሴም ለጊዜው ነበር መምህር የሆንኩት። ከመቅደሱ ጥግ ጎጆ የነበራቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቅርሱ ይታይ ተብሎ ተነስተው ከተማው ዳር ሰፈሩ። ያለ ኪራይ፣ ያለ ፈቃድ እየኖረ ከቦታው ያልተነሳው የመቅደሱ ምንጣፍ ቁንጫ ብቻ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን የሆነውን ልናገር። አልናገርም ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ለጎረቤት ተናግራ አረፈችው።

ከቤተ ጊዮርጊስ ስመለስ የልጅ ልጄ አብሮኝ ነበር። አንድ ፈረንጅ፣ ሸበቶ፣ ብቻውን፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ከስንት ጊዜ በኋላ! ባጃጆቹ ዞሩ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ ጫማ ጠባቂው ካለበት ሮጦ መጣ። የልጅ ልጄ ግን ሁሉንም ቀደመ።

«ከየት ነህ?» አለው በእንግሊዝኛ።

«ስሎቬኒያ።»

ልጁ ቆም አለ፣ አሰበ፣ ዓይኑ በራ። «ዋና ከተማ፣ ቤልግሬድ!»

የሰውዬው ፊት ተለወጠ። ልጁ ምን ያድርግ? የተማረው ቤቴ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካርታ ነው። ካርታው ጡረታ ስወጣ ከትምህርት ቤት የተረፈኝ ነው፤ እዚያ ላይ ስሎቬኒያ የነበረችባት ዩጎዝላቪያ እስከ ዛሬ በአንድ ቀለም ተቀብታ፣ ዋና ከተማዋም ቤልግሬድ ሆና አለች። ከገዛ ካርታዬ የመጣ ውርደት ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። ምርኩዜን ተከልኩና «ልዩብልያና» አልኩ። «ዛግሬብ፣ ሳራዬቮ፣ ስኮፕዬ» ብዬም ቀጠልኩ፤ ያኔ ስድስቱንም ሪፐብሊክ ነበር የምናስተምረው። ቲቶ የጃንሆይ ወዳጅ እንደነበሩ፣ አገራችንም መጥተው እንደነበር ጨመርኩለት። ሰውዬው አገሩ የገባ ይመስል እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ግማሽ ሰዓት አወራን። መቅደሱንም፣ ዮርዳኖስ የምንለውን ወንዛችንንም፣ ውኃው የሚወርድበትን ቦይም አሳየሁት። ሲለየኝ ሁለት መቶ ብር መዳፌ ላይ አደረገ።

መምህር ነኝ አልኩት። መምህርም ይበላል በሚል ዓይን አየኝ መሰለኝ፣ ጣቶቼን አጥፎ ሄደ። እየጠራሁት ነበር። ከዳገቱ ርዝመት የተነሳ አልሰማኝም። በጣም አልጮህኩም።

ወደ ቤት ስመለስ ጉሊት ላይ እንቁላል ታየኝ። ደግነቱ ጾም አልነበረም። ማታ ማዕዱ ሲቀርብ የተጠበሰው እንቁላል መሀል ላይ ጉብ አለ፤ ልጆቹ ሁሉ አዩት፣ ማንም ምንም አላለም። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ትልቁ ልጄ እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት፣ ቀና ሳይል፣

«አባባ፣ ዛሬ ስንት ጥንድ መጣ?» አለ።

«አንድ ብቻውን ነው» አልኩ። «እንቁላሉም ጨው በዝቶበታል።»