ሐተታ ጽላሎት፦ በሐይቅ ዳር ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ፎቶ ስለ ማንሣት

ፊትን ሳያሳዩ ሰውን የማሳየት ጥበብ፣ ባለሙያዎቹ ሲልዌት የሚሉት፣ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ ጉባኤ አልተዘረጋለትም። ድጓው መምህር፣ ቅኔው ተቀኚ፣ ሕጉ ጠበቃ አለው። አመሻሽ ላይ በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስልኩን ወደ ፀሐይ አዙሮ «ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ በእኔ ግራ!» እያለ የሚጮኸው ወጣት ግን ያለ አንድምታ ቀርቷል። ይህ ሐተታ ጉድለቱን ሊሞላ ተነሥቷል፤ ትሕትና ባይዘን «ሞልቷል» ባልን ነበር።

የነገሩን ጥንት ከሮማዊው ጸሐፊ ከፕሊኒ እናገኘዋለን። በአንደኛው ክፍለ ዘመን እንደ ጻፈው፣ በቆሮንቶስ ቡታዴስ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነበረ። ሴት ልጁ የምትወደው ወጣት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድባት ሲል፣ መብራት ግድግዳ ላይ የጣለውን የፊቱን ጥላ ዙሪያውን በመስመር ከበበችው፤ አባትየው ደግሞ በመስመሩ ላይ ሸክላ ለጥፎ ከገንቦዎቹ ጋር ተኮሰው። እንግዲህ ጥበቡ የተወለደው በሽኝት ነው፤ ቦሌ ሄዶ ዘመድ የሸኘ ሁሉ የዚህች ልጅ ደቀ መዝሙር ነው። አንድም፣ ልጅቱ ዓይኑንም ጥርሱንም አላስቀረችም፤ ያስቀረችው ዳር ድንበሩን ብቻ ነው። የትምህርቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ከዳር ተለይቶ ያልታየ ነገር በሲልዌት ዘንድ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የአቅጣጫ ነገር ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ የወደቀውም እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ከሐይቋ በስተ ምሥራቅ ስለ ተቀመጠች ፀሐይ የምትጠልቅላት በውኃው ማዶ ነው። የላንጋኖ ፍርድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ብዙዎቹ የታወቁ ሆቴሎች በምዕራቡ ዳርቻ ላይ ናቸውና፣ እዚያ ያረፈ ሰው ፀሐይን በውኃው ላይ የሚያገኛት በአርሲ ተራሮች በኩል ስትወጣ፣ በማለዳ ነው። አመሻሽ ላይ ድራፍቱን ይዞ አሸዋው ላይ የሚቆመው የአዲስ አበባ ሰው ዞር ቢል ፀሐይዋ ከመኪና ማቆሚያው በኩል ስትገባ ያያታል። በማለዳማ ማን ይነሣል? ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ታድለዋል፤ ባሕራቸው ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። እንዲያውም በእነርሱ ዘንድ ምሥጢሩ ይረቃል። አየር ብርሃንን ስለሚያጎብጥ፣ የታችኛው ጠርዟ ባሕሩን ሲነካ የምትታየው ፀሐይ በእውነቱ ከአድማስ በታች ወርዳለች። ስለዚህ ፎቶው በሌለ ፊት ጀርባ የሌለች ፀሐይ ያሳያል፤ ፍልስፍና ከዚህ በላይ ምን ይሻል?

ወደ ልኬት እንለፍ። ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በስልክ ያነሣ ሰው «ፀሐይዋ ለምን አነሰች?» ብሎ የሚያዝነው ይህን ባለማወቁ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከፀሐይ ክብ ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይ ከካሜራው 180 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ካሜራውም ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ያሻዋል። በዚህ ርቀት ሙሽራን «ፈገግ በይ» ማለት ከንቱ ነው። ፈገግታ በሲልዌት አይታይምና ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሚዜዎቹ ግን ይህን ለማስረዳት በስልክ መደወል ሊኖርባቸው ነው። ጊዜውም አጭር ነው፦ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ፣ በእኛ አገር ጠርዟ አድማስ ከነካ እስክትሰወር ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ነጠላ ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

የብርሃኑን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን፤ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ የሚስተው ነው። ስልክ በባሕርዩ ርኅሩኅ ነው፤ የጠቆረ ፊት ሲያይ አዝኖ ያበራል። ርኅራኄውን መከልከል ይገባል። ሰማዩን በጣት ተጭኖ እስኪቆለፍ መያዝ፣ ከዚያም ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ፤ ፍላሹንም ማጥፋት። በመስታወት መመልከቻ ባለው ካሜራ ግን ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት ዓይን ያቃጥላል፤ በዚህ ላይ አንድም የለውም።

አሁን ከባዱ ክርክር ደረሰ። ተጠየቅ! በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ትውፊት ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሲልዌት ደግሞ ሰውን በጎን ካላቆመ አፍንጫና አገጭ አያገኝም። ታዲያ ምእመኑ በጎን ቆሞ ከማን ወገን ሊቆጠር ነው? ምላሽ፦ ፊት ለፊት የቆመ ጻድቅ በሲልዌት ጆሮ ያለው ማሰሮ ይሆናል፤ ለክብሩ የሚበጀው በጎን መቆም ነው። አንድም፣ በዚህ ጥበብ ዓይን የሚባል ነገር ጨርሶ ስለማይታይ፣ አንድ ነው ሁለት ነው የሚለው ሙግት በራሱ ይፈርሳል።

ከዚህ ብይን ሌላው ሥርዓት ይወለዳል። ክንድ ከጎን ይራቅ፤ በመካከሉ ሰማይ ካልታየ ወገብ የለም። የተቃቀፉ ፍቅረኞች አንድ ወፍራም ሰው ናቸው፤ በአፍንጫና በአፍንጫ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ፍቅርን አይጎዳም፣ ፎቶውን ግን ያድናል። አንሺው አሸዋው ላይ ይንበርከክ፤ ቆሞ ካነሣ የማዶው ኮረብታ በሰውየው አንገት ያልፍና ራሱን ከተራራው ጋር ይደባልቀዋል። ይህን ሁሉ ሳይማር የሚያውቅ ፍጡር በሐዋሳው አሞራ ገደል አለ፦ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ። በጎን ይቆማል፣ መንቆሩን ከደረቱ ያርቃል፣ ቅልጥሞቹ መካከል ሰማይ ያሳያል፤ ሲጨርስም «እስቲ አሳየኝ» አይልም።

ሰው ግን ይላል። ተጠየቅ! «ሐምሳ ጊዜ ተነሥቼ መልኬ ካልወጣ፣ እኔ መሆኔ በምን ይታወቃል?» ለዚህ ሙግት ከፕሊኒ ጀምሮ ብንፈልግ መልስ አላገኘንም፤ መፍትሔ ግን አለን። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ለሃያ ደቂቃ ያህል ልስልስ ብርሃን ያቆያል። አንሺውም ተነሺውም ቦታ ይለዋወጡ፤ ፊት ወደ ምዕራብ ይዙር። ጥላው ለፕሮፋይል ይሁን፤ ይህኛው ለእማማ ይላካል፤ ስለዚህ ነጠላው ይስተካከል፣ ዓይንም አይጨፈን።