የመቻል ድስት

የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሦስት ውሾችና አንድ ሳህን አሉ። ሳህን ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ ከወገቡ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነው። ጠዋት የትናንቱ ትራፊ ይገለበጥበታል፣ ማታ የዛሬው። ከሦስቱ ትልቁ መቻል ይባላል። ዕድሜው 12 ነው፤ ጥርሱ አልቋል፤ በር ሲንኳኳ ከተኛበት ሳይነሣ አንዴ ብቻ ጮኾ ሥራውን የሚጨርስ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛዋ በቅርቡ አምስት ወልዳ አራቱን ለዘመድ ያስረከበች እናት ናት። ሦስተኛው አምስተኛው ልጅ ነው።

አከራያችን እትዬ በዚህ ጀሪካን ይኮራሉ። «እኔ አላዳላም፤ ሁሉም እኩል ይበላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላዳሉም። ለሚያድገውም፣ ለምታጠባውም፣ ለሚያረጀውም ያው ፍርፍር ነው። የሚያዳላው ጀሪካኑ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይበላል። መቻል ቀድሞ ደርሶ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት ይህን አስቀድመው አውቀው ይመስለኛል።

የእኛ ግቢ ውሻ የሚበላው እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ባሕረ ሐሳቡ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ውሾቹም ይገባሉ። 55 ቀን ሽሮ ፍትፍት፣ አልፎ አልፎ የምስር ወጥ ጭላጭ። መቻል እንዲያውም ከእኔ የጠበቀ ጾመኛ ነው፤ እኔ በስድስት ሰዓት ሾልኬ ስበላ እሱ እስከ ዘጠኝ ይቆያል፤ ከዚያ በፊት ማዕድ አይነሣማ! በዚህስ ብዙም አልፈርድም። ውሻ እንጀራ አይስማማውም የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች የተኩላንና የውሻን ዘረ መል ሲያስተያዩ፣ ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረ መል በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ከ4 እስከ 30 ሆኖ አገኙት። ከሰው ጋር ሲኖር ከሰው እህል ጋር ተለማምዷል ማለት ነው። ለእንጀራ እንግዳ አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው በፍቺው ቀን ነው። እኛ 55 ቀን የታቀብነውን ሁሉ በአንድ ጠዋት ጀሪካኑ ላይ እንገለብጠዋለን፤ ጮማው፣ የዶሮው ቆዳ፣ የድስቱ ቅባት፣ ቂቤ የጠጣው እንጀራ። እንዲህ ያለ የስብ ዶፍ የውሻን ቆሽት ያስቆጣል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት እናቲቱ ጀርባዋን አጉብጣ ስታስመልስ ዋለች። የእትዬ ባለቤት ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው አጥሩን ዞሩ። «ሌባ ነው የመረዛት! ሊገባ አስቦ ነው!» ሁለት ሌሊት በባትሪ ተጠባበቁ። ከጀሪካኑ ውስጥ የእኔም ሳህን ትራፊ ስለነበረበት ምስክርነቴን በሆዴ ያዝኩ።

የዶሮ ወጡ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። እትዬ ርኅሩኅ ናቸው፤ አጥንቱ እንዳይወጋቸው ይለቅሙና መረቁን በእንጀራ ፈትፍተው ይሰጣሉ። አጥንቱን መልቀማቸው ልክ ነው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይበሳል። ግን መረቁስ ከምን ተሠራ? ከቁሌት! ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል በአንድ ጊዜ ከበላ ይጎዳዋል ይባላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም፣ መካከለኛ አንድ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። እትዬ ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚያቁላሉ አይኔ እያነባ አይቻለሁ። ችግሩም ወዲያው አይታይም፤ ድዱ የሚገረጣውና አቅም የሚያንሰው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዶሮውን ማን ያስታውሰዋል? ያው ሌባው ነው።

ከጓዳው የሚወጣው ሌላው ምጽዋት ሻጋታ ያበበበት እንጀራ ነው። «ለሰው አይሆንም፤ ለውሻው ስጪው።» ለሰው የማይሆን ሻጋታ ለውሻ ጉበት የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም። በግ በታረደ ቀንም ጉበቱ ወይም ሳንባው ውሃ የቋጠረ እብጠት ከተገኘበት ቢላው ያንን ክፍል ቆርጦ በቀጥታ ለውሻ ይወረውራል። በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ሽል ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ይጎለምሳል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ልጆቹ ውሻውን ያቅፉታል፣ ባልታጠበ እጅ ይጎርሳሉ፣ እብጠቱም በተራው የሰው ጉበት ላይ ይወጣል። መቅበር ወይም ማቃጠል ይበቃ ነበር። ለጋስነታችን የማይገባው ቦታ ላይ ይበዛል።

የአራሷን ነገር ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ማርገዟ በታወቀ ሰሞን ግቢው ሁሉ ሆደ ቡቡ ሆነ። ሁሉም ያጎርሳታል፤ እኔም አጉርሻለሁ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ከወትሮው ምንም መጨመር አያስፈልጋትም ነበር። ወለደች፤ እልል ተባለ፤ ተረሳች። ጭንቁ ግን ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ፣ አምስት አፍ ሲስባት፣ ከወትሮው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ መብላት ነበረባት። የእኛ ሰው አራስ ቤት በገንፎና በአጥሚት የሚያጨናንቅ ነው፤ በር ላይ የተኛችው አራስ ግን የጎድን አጥንቷ ሲቆጠር «ልጆቿ ጨረሷት» ተብሎ ታለፈ።

ቡችላውን በተመለከተ የጎረቤታችንን ወጣት ማንም አያህለውም። በብዙ ብር የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ገዛ። መጀመሪያ የላም ወተት አጠጣው፤ አስቀመጠው። የላም ወተት ከእናቱ ወተት ይልቅ ስኳሩ የበዛ፣ ፕሮቲንና ስቡ ደግሞ ከግማሽ ያነሰ ነው። ቀጥሎ «ኃይለኛ እንዲሆን» ብሎ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ አቀረበለት። ቡችላው ኃይለኛ አልሆነም፤ ውሃ ጠጪ ሆነ። ሥጋ ብቻ የበላ ቡችላ ካልሲየም ስለሚያጥረው አጥንቱ ይለሰልሳል፤ በአራተኛው ወር የፊት እግሮቹ እንደ ቅንፍ ጎበጡ። ይህን ሲያይ ጓደኛችን ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጠ፤ የካልሲየም ኪኒን በእፍኝ። ትልቅ የሚሆን ዝርያ ቡችላ ደግሞ ትርፉን ካልሲየም አልፈልግም ብሎ መመለስ አይችልም፤ ያም በፊናው አጥንት ያበላሻል። ሚጥሚጣውን ያቆመው ቡችላው ስላስነጠሰበት ነው።

እትዬ አንድ ክረምት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች ልጃቸው ዘንድ ከርመው ሲመለሱ ለሳምንት ያወሩት ስለ ልጃቸው ውሻ ነበር። «በሚዛን ነው የሚበላው! በግራም! ከረጢቱ ላይ ለቡችላ፣ ለጎልማሳ፣ ለአዛውንት ተብሎ ተጽፏል። የኩላሊት ሕመምተኛ የሚበላው ለብቻ አለ። እኔ እንኳ ይህን አላገኘሁም።» ግቢው በሳቅ ሞተ። የኩላሊቱ ምግብ ግን የቅንጦት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ማርክ ሞሪስ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ ዓይነ ስውር የሚመራበት በዲ የተባለ ውሻ ኩላሊቱ ሲደክም መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ምግቡን ለወጠለት። ዛሬ በየከረጢቱ የሚሸጠው ነገር ከዚያ ድስት ተጀመረ።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። መቻል ውሃ ማብዛት ጀመረ፤ ከጀሪካኑ ሸሸ፤ ከሳ። ሐኪሙ ደሙን አይቶ «ኩላሊቱ ነው አባባ» አላቸው ጋሼን። አጥንት ቀረ፣ ሆድ ዕቃ ቀረ፣ ጨው ቀረ። ሩዝ፣ ትንሽ ቀይ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጭ ተባለ። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ፦ «ይኼ ሁሉ ለውሻ?» እትዬ ግን ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ድስት ጠርገው ለመቻል ብቻ መደቧት። ከጀሪካኑ የወጣ የመጀመሪያው ውሻ ሆነ።

መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ ጋሼም ደም ግፊት አለባቸው። ጨውና ጮማ ተዉ ከተባሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ እትዬ ጨው የሌለበት ሲያቀርቡላቸው «እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» ብለው ሳህኑን ይገፋሉ። ያለፈው ማክሰኞ ማታ ውሃ ልቀዳ ወደ ማድ ቤት ስገባ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጋሼ በሻማ ቁጢጥ ብለው ከትንሿ ድስት በማንኪያ ይበላሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ የመቻል ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከኔኛው ይሻላል። ለእሷ እንዳትነግር።»

መቻል በሩ ላይ ተቀምጧል። ማንኪያው ሲወጣ ራሱ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።