ጆሮ ያለው፣ ብሉቱዝም ያለው

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አክስቴ ረከቦቱን ዘርግታ ቡና እያፈላች ስለ ጣራው መፍሰስ ታማርራለች። «ጠጋኙ እመጣለሁ ካለ ሁለት ሳምንት አለፈው። አንድ ቀን ይኼ ጣራ እላያችን ላይ ነው የሚወርደው!» ስትል፣ ሶፋው ጥግ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡት ባለቤቷ፣ ጋሼ፣ በለሰለሰ ድምፅ «አሜን፣ አሜን» አሉ።

ጀበናው እጇ ላይ ቀረ። አክስቴ ባሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ጣራውን አየች።

ጋሼ ክፉ አልተመኙልንም። ከጆሯቸው ጀርባ የተሸጎጡት፣ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉት ሁለት ማሽኖች ከስልካቸው ስብከት እያንቆረቆሩላቸው ነበር። ሰባኪው መረቀ፣ እሳቸውም እንደ ደንቡ ተቀበሉ። የአክስቴ እሮሮ ከምርቃቱ ጋር እኩል ደረሰ እንጂ ማንም አላጠፋም።

ማሽኑ ለምን እንደመጣ ልናገር። ዕድሜ ጆሮን መብላት የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙን ይተወዋል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚባሉትን የሹክሹክታ ፊደሎች ግን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ለዚህ ነው አዛውንት ሁሉ «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የማይገባኝ» የሚሉት። እኛ ደግሞ መልሳችን ጩኸት ነው፤ ጩኸት የሚያጎላው ድሮውንም የሚሰማቸውን አናባቢ መሆኑን ማን ልብ ብሎት! አክስቴ ከኩሽና «ሽሮ ልሥራ?» ብላ ትጮሃለች። «ሽ» ኮሪደሩ ላይ ትቀራለች፤ ጋሼ ጋ የሚደርሰው «...ሮ ልሥራ?» ብቻ ነው። ሰው ጎዶሎን የሚሞላው በምኞቱ ነውና፣ ጋሼ «እሰይ፣ እንቁላሉን ሁለት አድርጊው» ይሏት ነበር። ከዚያ ሽሮ ይቀርባል፤ ከዚያ ኩርፊያ።

ልጆቹ ተሰበሰቡ፣ ኮሚቴ ሆነ። መደበኛው ሜዲኬር የመስሚያ መሣሪያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ ተዋጣ፣ ያውም በሺህ የሚቆጠር ዶላር። ባለሙያዋ ጋሼን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ እያንዳንዱን ጆሮ ለየብቻው ለካች፣ ማሽኖቹን በልካቸው አስተካከለች፣ በመጨረሻም ስልካቸውን ተቀብላ ከጆሯቸው ጋር አጣመረችው። «ይጣመሩ?» ሲል ጠየቀ ስልኩ። ጋሼ «አዎ»ን ነኩ። አክስቴ ያን ቀን አብራ ነበረች። «እኔን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ነው የላከው» ትላለች እስከ ዛሬ።

ቅናቷ መሠረት አለው። እነዚህ ማሽኖች ከስልክ ድምፅ ሲፈስላቸው በዙሪያ ያለውን ድምፅ የሚለቅሙ ማይኮቻቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ተጠቃሚው ካልፈለገ መልሶ ከፍ ማድረግ ይችላል። ጋሼ ከፍ ማድረጉን አልተማሩም። አልተማሩም ነው የሚባለው። ዞሮ ዞሮ ከአዲስ አበባ የሚሰበከው ስብከት፣ ከሎንዶን የሚነበበው ዜና፣ ከአትላንታ የሚደወለው የአብሮ አደግ ወሬ ያለ ከልካይ መሐል ጆሯቸው ይገባል፤ አንድ ክንድ ርቃ የተቀመጠችው ሚስታቸው ግን ደጅ ትጠናለች። ሚስት እንድትሰማበት በተዋጣ ገንዘብ ዓለም ሁሉ ገብቶ እሷ ቀረች።

አክስቴ የዋዛ አይደለችም። ጋሼ ስልኩን ከኋላ ኪሳቸው ሲከቱት ስብከቱ እንደሚንተባተብ አስተዋለች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ብሉቱዝ የሚጓዝበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ያዳክመዋል፣ ሰው ደግሞ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ማይክሮዌቭም የሚሠራው እዚያው ሰፈር ነው። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አምናለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የትናንቱ ወጥ ልክ ስብከቱ ሲጀምር ይሞቃል፣ ዜና ሲጀምር ደግሞ እንደገና ይሞቃል።

የስልኩ ወሬ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። የጋሼ ትውልድ ስልክ የለመደው ድምፅን እንደ ርቀቱ መጠን በመመጠን ነው፤ ለባልቲሞር መካከለኛ ጩኸት፣ ለደሴ ሙሉ ጩኸት። አሁን የደዋዩ ድምፅ ከሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ ስለሚወጣ ለሌላው ሰው አይሰማም። ጋሼም ስልኩን እንደ በቆሎ እሸት አፋቸው ፊት ይዘው የእሳቸውን ድርሻ ብቻ ለሕዝብ ያሰማሉ። አንድ ቅዳሜ ከሀበሻ ሥጋ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ የአንድ ወዳጃቸው ዕረፍት ተነገራቸው። ዓይናቸው የተንጠለጠለው ሽንጥ ላይ እንደተተከለ፣ በሙሉ የደሴ ድምፅ «ወይኔ! መቼ ሞተ?» አሉ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ትናንት ነው የታረደው ጋሼ! ትኩስ ነው፣ ይንኩት!»

አሁን ወደ አሳማዋ ልምጣ።

ጋሼ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ። አንድ ማለዳ በምሥራቅ በኩል ቆመው ግማሽ ሳይደርሱ፣ በሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ አሳማ አንኮራፋች። ቀጥላም ሳቀች። ቀጥላም በቀጭን የልጅ ድምፅ ራሷን አስተዋወቀች። ጋሼ አማተቡ፤ አሳማዋ አልሄደችም። ጸበል ረጩ፤ አሳማዋ ከወንድሟ ጋር ጭቃ ላይ መዝለል ጀመረች። አክስቴን ቀሰቀሷት፤ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። «ፈተና ገጥሞኛል» አሏት። «በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፣ ያውም በእንግሊዞቹ እንግሊዝኛ!»

ወንጌል አጋንንት እሪያ ውስጥ እንደገቡ ይነግረናል፤ እሪያ ጆሮ ውስጥ ስለመግባቷ ግን የሚጠቅሰው የለም። ቄስ ልንጠራ ስንል የአራት ዓመቱ የልጅ ልጅ ከሚቀጥለው ክፍል ታብሌት አቅፎ እያለቀሰ ወጣ። ፊልሙ ይታየዋል፣ ድምፁ ግን አልመጣለትም። ለካስ ስልኩንም ታብሌቱንም በአንድ አካውንት የከፈቱት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ፓስወርድ እንዳይበዛባቸው ብለው። ታብሌቱ ድምፁን የት ልስደድ ብሎ ሲፈልግ የአያትየውን ጆሮ አገኘና እዚያ ሰደደው። ልጁ ነገሩ ሲገባው ዕንባውን ጠርጎ አያቱ ጉልበት ላይ ወጣ፣ ጆሮውንም ጆሯቸው ላይ ለጠፈና ያዳምጥ ጀመር። ጋሼም የአሳማዋን ታሪክ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አስጨረሱት። ዳዊቱ ለማታ ተላለፈ።

ባለፈው ዓመት ጋሼ አዲስ ማሽን ሲገዙ አሮጌዎቹ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ትራፊ በሻንጣ ለአዲስ አበባው ወንድማቸው ተላኩ። ጫማ ቢሆን ጥጥ ይጠቀጠቅበታል። የመስሚያ መሣሪያ ግን በአንድ ሰው ጉድለት ልክ የተሰፋ ነው። ለጋሼ የጠፋቸውን ያጎላል፣ ለወንድማቸው የጠፋቸውን አያውቅም። ሰውየው የሾላውን ቁራ እንደ ማለዳ ደወል ጥርት አድርገው ይሰሙ ጀመር፤ የሰው ወሬ ግን ያው እንደነበረ ነው። ከስልካቸው ጋር ይገናኝ ሲባል ደግሞ እምቢ አለ። የብሉቱዝ ስም የተወሰደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሐራልድ ሰማያዊ ጥርስ ነው። ንጉሡ የተከፋፈለ ሕዝብ አንድ አደረገ ይባልለታል። በስሙ የተጠራው ሞገድ ግን የጆሮ ማሽን ላይ ሲደርስ ራሱ በጎሣ ተከፋፈለ። ከአይፎን ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩት ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋሉ፤ ጉግል በ2018 ሌላ መንገድ አስታወቀና በማግሥቱ ዓመት አንድሮይድ 10 ውስጥ አስገባው፤ በ2020 ደግሞ ሁሉን ያስታርቃል የተባለ ኤልኢ ኦዲዮ የሚሉት ሽማግሌ ተላከ። ሽምግልናው እስካሁን አልተቋጨም። በዚህ መሐል የጋሼ አሮጌ ማሽን ከአንደኛው ወገን፣ የወንድማቸው ስልክ ከሌላኛው ወገን ሆነው ሲተያዩ ዋሉ።

ባትሪውም የራሱ ጉድ ነበረው። እነዚያ ምስር የሚያካክሉ ባትሪዎች የሚሠሩት አየር ስበው ነው፤ ቡናማዋ ተለጣፊ እስክትላጥ ይተኛሉ፣ ከተላጠች በኋላ ማሽን ውስጥ ይግቡም አይግቡም መድከም ይጀምራሉ። የወንድምየው ባለቤት ንጽሕና ትወዳለች። የተላኩትን ሠላሳውን ባትሪ ቁጭ ብላ ላጥ ላጥ አድርጋ፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣው የስልክ መልእክት አጭር ነበር፦ «የላካችሁት ዕቃ ቶሎ ይሞታል።»

ጋሼን ግን አትናቋቸው። ከሁላችንም ቀድመው አንድ ነገር ተምረዋል። ስልኩ ራሱ ማይክ ሆኖ አጠገቡ የሚወራውን ወደ ጆሯቸው የሚያስተላልፍበት መላ አለ። የተሠራው ለደግ ነው፤ ጫጫታ ባለበት ቦታ ስልኩን ተናጋሪው ፊት አስቀምጦ ቃሉን ከቅርብ ለመልቀም። አሥር ሜትር ያህል ቢርቁም ይሠራል። የጋሼ መኝታ ቤት ከሳሎኑ በላይ ነው፤ ለክቶ የሰጣቸው የለም፣ ራሳቸው ለኩት።

በዚያ ሰሞን መኪናቸው የጎረቤት የፖስታ ሳጥን ገጭታ ነበር። ልጆቹ ቁልፉን እንዴት እንደምንቀበላቸው ለመምከር መጡ። ጋሼ ቆሎ ቀማምሰው «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው ወጡ፤ ስልካቸው ከቆሎው ሳህን አጠገብ ተረስቶ ቀረ። እኛ በሹክሹክታ ጀመርን። ፎቅ ላይ ለተኛ፣ መስማት ለተሳነው ሰው ክብር ብለን በሹክሹክታ! አንዱ «ዓይናቸውም ደክሟል» አለ፤ ሌላዋ «የሚያናድዳቸውን ነገር አታውቁም እንዴ?» አለች። አክስቴ ዝም ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች። በመጨረሻ ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ለአንተ አይቆጡም» ተባልኩ።

ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ አልተኙም፤ አልጋው ጫፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቁጭ ብለዋል። አፌን ሳልከፍት «ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ለአንተ አይቆጡም ያሉህ ተሳስተዋል። ደግሞ ለአክስትህ ንገርልኝ፤ ቆሎውን ከማይኩ ራቅ አድርጋ ትቆርጥም። አደነቆረችኝ።»

ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አወጣሁ። ከኋላዬ የሳቁ መሰለኝ፤ ወይም ከጆሯቸው ውስጥ ሌላ ሰው እያሳቃቸው ይሆናል። ከእንግዲህ ይህን መለየት አይቻልም።

አክስቴ ያን ዕለት ብዙ አሰበች። በማግሥቱ እኔ ሳሎን ከጋሼ ጋር ተቀምጬ ሳለ ስልካቸው ጠራ። መጥራቱን ያወቅሁት ከአቀማመጣቸው ነው፤ ደወሉ እዚያው ጆሯቸው ውስጥ ነውና። ማሽኑን ጫን አድርገው፣ ስልኩን እንደ በቆሎ ይዘው፣ በሙሉ የደሴ ድምፅ «ሄሎ! ማን ልበል?» አሉ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ለእሳቸው ከጆሮ፣ ለእኔ ከኩሽናው በር መጣ። በሩ ክፍት ነው። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ስልኳን በትከሻዋ ደግፋ፣ ማማሰያ ይዛ ትታየኛለች።

«እንደምን አለሽ? ደኅና ነሽ ወይ? ሁሉ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ለራት ሽሮ ነው የሠራሁት።» እያንዳንዷን ፊደል፣ «ሽ»ንም ሳትቀር፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች። መደበቂያ የለም።

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው ትንሽ ራቅ አድርገው «ሄሎ? ሄሎ?» አሉ። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል! ዶሮ ነው ያልሽው?» ብለው ዘጉት።