«ይታያል»፦ የአንድ የቢሮ ግስ ጥናት

አማርኛ አድራጊውን መደበቅ የማይወድ ቋንቋ ነው። «አየሁ» ያለ ራሱን፣ «አየች» ያለ እሷን አጋልጧል፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ተሰፍቶ ይወጣል። ይህ ጠባይ ለገበያና ለለቅሶ ቤት ቢመችም ለቢሮ ሥራ እንቅፋት ሆኖ በመገኘቱ መሥሪያ ቤቶቻችን መላ አበጅተውለታል፤ ግሱ ውስጥ አንዲት የ«ተ» ቤት ፊደል ማስገባት። «አየዋለሁ» የነበረው «ይታያል» ይሆናል። ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚያየው ይቅርና የሚያየው ዐይን ያለው ፍጡር መሆኑም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ይህ ጥናት «ይታያል»ንና ወንድሙን «በሂደት ላይ ነው»ን ሰዋስው እስካሁን ያልመዘገበው የግስ ጊዜ አድርጎ ያቀርባል፤ አላለፈም፣ አይመጣምም።

ለምርምሩ ላሊበላ ካለችበት ከወሎው ላስታ የተሻለ ቦታ የለም። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉት ከላይ ወደ ታች ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ጠራቢው ጣሪያውን ሲጀምር በሩ ከታች የት እንደሚወጣ ማወቅ ነበረበት፤ ተጠርቦ የወደቀ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍማ። የቢሮ ደብዳቤም የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ»፣ ከሰላምታ ጋር፣ ፊርማና ማኅተም፣ ግልባጭ። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ባለጉዳዩ በ«ጉዳዩ» ገብቶ እስከ «ግልባጭ» ቢወርድም ነገሩ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት ቀዳዳ አያገኝም። ሁለተኛውም ማስረጃ እዚያው ቆሟል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች «ጊዜያዊ» ተብለው ነበር። ነዋሪው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ስለ ቅርሱ ደኅንነት ሰልፍ ሲወጣ 10 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ከመጠለያው አካል ሁሉ ፀሐይና ዝናብ ያልጎዳው «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል ነው።

«ይህ የወሎ ጨዋነት ነው፤ ሰው ፊት ለፊት አይከለከልም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ጎረቤቱ የገብስ ዘር ሊበደር ሲመጣ የላስታ ገበሬ «ዘንድሮ አልተረፈኝም» ይለዋል፤ ያም ዝናቡ ሳያመልጠው ሌላ ደጅ ይሞክራል። «ይታያል» ቢለው ኖሮ ጨዋነቱ የሰው ማሳ ጦም ያሳድር ነበር። ሌሎች ደግሞ ሠራተኛው ፈርቶ ነው ይላሉ። ይህ እውነት አለው። በግምገማ ላይ «አልሠራሁትም» ያለ ሲወቀስ «በሂደት ላይ ነው» ያለ ይታለፋል፤ ብልህ ሠራተኛም የትኛው እንደሚያዋጣ ለመማር ሁለት ስብሰባ አያስፈልገውም። እንግዲህ አለቃው እውነትን ካስከፈለ በኋላ ግልጽ ሪፖርት መጠበቁ ለሌላ ጥናት የሚተው እንቆቅልሽ ነው። ከዚህ የምንረዳው ግሱም እንደ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈለው ከላይ ወደ ታች መሆኑን ነው።

መድኃኒቱ አዲስ መመሪያ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን አዝዟል። የሚያስፈልጉት ባለቤት ያላቸው ሦስት መልሶች ናቸው፤ «ጨርሻለሁ»፣ «አልችልም»፣ «አላውቅም፤ ጠይቄ ሰኞ እነግርዎታለሁ»። እነዚህ ጠባብ በሮች ናቸው፤ ቢሆንም ሰው ያስገባሉ፣ ሰው ያስወጣሉ። ላሊበላ ላይ 11ዱም በር አላቸው።