ዓሣው እዚያ የለም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ፖቶማክን የሚያውቀው በድልድይ ነው። ጠዋት ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ ሲሻገር ትራፊክ ይዞት ይቆማል፤ ማታ ሲመለስም እንደዚያው። ከሥሩ ወንዝ መኖሩ ትዝ የሚለው ጂፒኤሱ ላይ ሰማያዊ መስመር ሲያይ ነው። እኔም ከዚህ አላልፍም ነበር፤ ራይድ የሚሠራው ባልንጀራዬ አንድ ቅዳሜ የመኪናውን ትራንክ ከፍቶ ደጋን እስኪያሳየኝ ድረስ። ኤርፖርት የሚሸኘው መንገደኛ ሻንጣውን ሲያስገባ ይህን ቢያይ ምን ይላል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

«ዓሣ ልናድን ነው» አለኝ።

«ልናጠምድ ማለትህ ነው?»

«ማጥመድማ የትዕግሥተኛ ነው።»

እውነቱን ነው። መንጠቆ ጥሎ ወንበር ላይ መቀመጥ ለእኛ አይሆንም፤ ተቀምጦ መጠበቅን በቪዛ ወረፋ ጨርሰነዋል። በደጋን ግን ዓሣውን ፈልጎ፣ አይቶ፣ አነጣጥሮ መውጋት ነው። በእግር ያስኬዳል፣ ያንሾካሹካል፣ ያከራክራል። ሦስቱንም እንችልበታለን።

ያገኙትን ሁሉ መውጋት ግን የለም። ባስና ትራውትን የመሳሰሉት የተከበሩ ዓሦች በቀስት አይነኩም። ለእኛ ቢጤ የተተዉት በዋናነት ካርፕ፣ ብሉ ካትፊሽ የሚሉት የአምባዛ ዘመድና ስኔክሄድ ናቸው፤ ምክንያቱም መጤ ናቸው ይባላል። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል፤ ምክንያቱም ባስ ራሱ የወንዙ ተወላጅ አይደለም። ስሞልማውዝ ባስ እ.ኤ.አ. በ1854 ከዊሊንግ በባቡር፣ ያውም በሎኮሞቲቩ የውኃ ታንክ ውስጥ ተጭኖ መጥቶ ከምበርላንድ ላይ ፖቶማክ ውስጥ የተለቀቀ ነው። ቀድሞ ስለገባ ወረቀቱን ጨርሷል።

ካርፕን ያመጣው ደግሞ መንግሥት ነው። በ1877 የአሜሪካ የዓሣ ኮሚሽን ከጀርመን አስመጥቶ ባልቲሞር ድሩይድ ሂል ፓርክ ኩሬ ውስጥ አስገባው፤ ቀጥሎም በዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ በነበሩ ኩሬዎች አራባው። የምክር ቤት አባላት ለመራጮቻቸው ካርፕ ያስልኩ ነበር። ዛሬ አንድም ፖለቲከኛ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አይልም።

የስኔክሄድ ታሪክ ከሁሉም ይብሳል። በ2002 ክሮፍተን፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ፣ አንድ ሰው ለታመመች እህቱ ሾርባ ሊሠራላት ከኒውዮርክ ቻይናታውን ሁለት ዓሣ ከነሕይወቱ አስመጥቶ ኖሯል፤ እህቱ ዓሣው ሳይደርስ ተሻላትና ኋላ ኩሬው ውስጥ ለቀቃቸው። ሾርባው ቢሠራ ኖሮ ስንት ጣጣ በቀረ! ግዛቲቱ ኩሬውን ሮቴኖን በሚባል መርዝ አጸዳችው። ሮቴኖን ማለት በእኛ አገር ዓሣ ለማደንዘዝ የሚወቀጠው የብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ነው፤ ስለዚህ የጣና ዓሣ አጥማጅ ቢጠራ ኖሮ በርካሽ ይጨርስላቸው ነበር። ያም ሆኖ በ2004 ስኔክሄድ ፖቶማክ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ወንዙን አልለቀቀም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ያገለገለ ደጋን ይበቃል፤ 40 ፓውንድ የሚጎተት ከሆነ በቂ ነው፣ ጎሽ አይደለም የምንገድለው። ቀስቱ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ከበድ ያለ፣ ላባ የሌለው ነው። ጫፉ ላይ ዓሣው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚይዝ የብረት እሾህ አለ። ቀስቱ በጠንካራ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ ደጋኑ ላይ በተገጠመ ጠርሙስ መሰል ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ዓሣውም የሚጎተተው በዚሁ ገመድ ነው። ፖላራይዝድ መነጽርም ግዙ። ያለ እሱ የምታዩት የሰማዩን ነጸብራቅና የገዛ ፊታችሁን ነው።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ገመዱ በቀጥታ ቀስቱ ጭራ ላይ አይታሰርም። ቀስቱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የምትንሸራተት ትንሽ ቀለበት አለች፤ ገመዱ ከእሷ ጋር ታስሮ ሁልጊዜ ከደጋኑ ፊት ለፊት ይሆናል። ገመዱ ከደጋኑ ጅማት ጋር ወይም ከእጅ ጋር ከተጠላለፈ የተለቀቀው ቀስት ተስፈንጥሮ ወደ ባለቤቱ ፊት ይመለሳል። በዚህ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ። ቀለበቷ ደግሞ የምትገዛው በቡና ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ማየት ማመን ነው የሚለው አባባል ውኃ ዳር አይሠራም። ብርሃን ከውኃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። የቆዩት የሚሉት ሒሳብ ይህ ነው፦ ዓሣው 3 ሜትር ርቆ፣ 30 ሳንቲሜትር ጠልቆ ካለ፣ ከሚታይበት 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ አነጣጥሩ። ርቀቱ ወይም ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ዝቅታውም እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ቀላል ነው። ግንቦት ላይ በማታወማን ክሪክ፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ፣ ሃይድሪላ የሚሉት አረም እግርን ተብትቦ ይዞ፣ የክንድ ያህል ዓሣ ፊት ለፊት ቆሞ እያዩ «ዓሣው እዚያ የለም» ብሎ ራስን ማሳመን ግን ሃይማኖት ይጠይቃል።

ባልንጀራዬ ከጀርባዬ ቆሞ ይሰብካል። «ዝቅ አድርግ።»

«አድርጌያለሁ።»

«ያየኸውን ነው እያነጣጠርክ ያለኸው። እዚያ የለም አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ምንድን ነው የማየው?»

«ምስሉን ነው። ዓሣው ከሥሩ ነው።»

ቀስቱን ለቀቅሁ፤ ጭቃ ወጋሁ። ጭቃውን መውጋት ለጀማሪ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከዓሣው በላይ ማለፉ ነው፤ ዓይኑን እንዳመነ ያሳብቅበታልና። ስኔክሄዱ አረሙን ከፈል አድርጎ ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶም አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ አየር ጎረሰ። ይህ ዓሣ ከውኃ ውጭም ይተነፍሳል፤ አዳኙ የሚያገኘውም በዚህ አመሉ ነው፣ ሳይወድ በግድ ብቅ ይላል። ባልንጀራዬ የውኃው ቀለበት ገና ሳይጠፋ ከሥሩ ወጋው።

ስናወጣው ሁለታችንም ዝም አልን። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ የተደረደረ፣ ገላው የዘንዶ ዝንጉርጉር፤ ሰውነቱ ሁሉ ልጋግ ነው፣ በባዶ እጅ አይጨበጥም። ቀስቱን ወደ ኋላ መሳብ አይቻልም፤ ጫፉን ይዞ ወደ ግራ ጥቂት ሲያዞሩት እሾሁ ይላላና ወደፊት ይታጠፋል፣ ያን ጊዜ ቀስቱ ይወጣል። ስኔክሄድን ከነነፍሱ ይዞ መጓዝ በሕግ ክልክል ነው፤ እዚያው መግደል ነው።

ቤት ስንደርስ አማቴ ነበሩ። ባሕር ዳር ያደጉ፣ ቆሮሶን በሽታው የሚለዩ፣ አምባዛን ግን ቅርፊት የለውም ብለው ደጃቸው የማያስደርሱ ሴት ናቸው። ላስቲኩን ከፍተው አዩና አፋቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ዘንዶ ነው እንዴ?»

«ዓሣ ነው እማማ፤ ይመልከቱት፣ ቅርፊት አለው፣ ክንፍ አለው።»

ቢላዋ አንስተው ከጭራው ወደ ራሱ ሰረሰሩት። ቅርፊቱ ተንጣጥቶ ማጠቢያው ላይ ወደቀ። ስንጥቡን ከፍተው አዩ፤ ደሙ ቀይ ነው፣ ትኩስ ነው። ፊታቸው ፈታ አለ። «ቅርፊትስ አለው። ስሙ ማነው?»

ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «እባብ ራስ» ብል ዓሣውም እኔም በር ላይ ነን። ደግነቱ ሜሪላንድ ሰው እንዲበላው ብላ በ2024 ለገበያ «ቼሳፒክ ቻና» የሚል ስም በሕግ አውጥታለታለች። «ቻና ይባላል» አልኩ፤ መንግሥት ከጎኔ ነው።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ስለነበር በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አልተነሳም። ልጋጉን በሎሚና በጨው አጥበው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው፣ አድቅቀው ከተፉት። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ቅቤ ጠብ። የስኔክሄድ ሥጋ ነጭና ጠንካራ ነው፣ መጥበሻ ላይ አይፈርስም፤ ለዱለት የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። አማቴ ሁለተኛ ሲያነሱ ነገሩ ተፈረደ።

በዚህ አደን አንድ የማልወደው ነገር አለ፦ ካርፕ ወግቶ ወንዝ ዳር ቆልሎ የሚሄድ ሰው። በቀስት የተወጋ ዓሣ እንደ መንጠቆው ተመልሶ አይለቀቅም። ወጥ ቤት የሌለው ሰው ደጋን ባይገዛ ይሻላል። ሎንግኖዝ ጋር የሚባለውን አፈ ረጅም ዓሣም ተዉት፤ እሱ የወንዙ ባላገር ነው፣ ዕንቁላሉም ይመርዛል።

ፈቃዱን ሳትይዙ ደግሞ እንዳትወጡ። ፖቶማክ በ1632 ከተሰጠ የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርተር ጀምሮ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ የሜሪላንድ ነው፤ ሁለቱ ግዛቶች በዚህ ወንዝ እስከ 2003 ድረስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተካሰዋል። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት ክሪኮች ግን የቨርጂኒያ ናቸው። የድንበር ነገር ለእኛ አዲስ ስላልሆነ የሁለቱንም ደንብ በየዓመቱ አንብባችሁ ውጡ። በሌሊት በመብራትና በጄኔሬተር የሚወጡም አሉ፤ ጀማሪ ግን በቀን ይጀምር።

ከአንባቢዎች መካከል ታች ለጥ ያለ ጀልባ ያለው ካለ ለመጪው ግንቦት ሁለት ቦታ ይያዝልን። ፈቃድ አለን፣ ደጋን አለን፤ ሚጥሚጣውን አማቴ ይልካሉ።