ቅቤው ይጣል፣ ጠመንጃው ይለፍ

አማቴ ዴንቨር ላይ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው፤ እኔ አጃቢ ነኝ። ወሩ ኖቬምበር፣ የኮሎራዶ ተራራ ላይ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን የሚታደንበት ጊዜ። ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ከፊታችን የቆመው ዥጉርጉር ለባሽ ጎልማሳ ቁመቱ እኔን የሚያህል ሳጥን አጋደመና «ጠመንጃ አለኝ» አለ። እኔ ደነገጥኩ። ሠራተኛዋ ምንም አልመሰላት። «ጎርሷል?» «አልጎረሰም።» ብርቱካናማ ካርድ ሰጠችው፤ ፈረመ፣ ካርዱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ጨመረ። «መልካም አደን!» ብላ ሸኘችው። እኔ በዚህ አገር ስንት ጊዜ በርሬ እንዲህ ባለ ፈገግታ የሸኘኝ የለም።

ፍተሻው ላይ የእኛ ጉድ ወጣ። አማቴ በእጅ ቦርሳቸው ለአራሷ የገንፎ ዱቄትና አንድ ቆርቆሮ ንጥር ቅቤ ይዘዋል። ዱቄቱ ከ350 ሚሊ ሊትር ስለበለጠ ተገልሎ ተመረመረ፤ በጨርቅ ተጠረገ፣ ጨርቁ ለማሽን ቀረበ፣ ማሽኑም ከገብሱ ውስጥ ፈንጂ ቢያጣ በነጻ አሰናበተው። ቅቤው ግን ምሕረት አላገኘም። የሚፈስ ብቻ ሳይሆን የሚቀባ ነገር ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ አይገባም። ብርዱ እንደ ድንጋይ እንዳረጋው ባሳይም ሰሚ አጣሁ። ቆርቆሮው መጣያ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ አማቴን ሆዳቸው ላይ መታቸው።

እዚያው መስመር ላይ ጠመንጃና ሽጉጥም ይያዛል፣ አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻዎች 6,737 መሣሪያ ተይዟል፤ ከመቶው 93 ያህሉ የጎረሰ። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ መልሳቸው ብዙውን ጊዜ «ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነው» ነው። አማቴ ቅቤያቸውን ለአንዲት ደቂቃ አልረሱም፤ ምናልባት ጥፋታቸው እሱ ይሆናል።

«ቅቤውን ሻንጣ ውስጥ ብታስገቡትስ?» የሚለኝ አይጠፋም። አምና አስገብተን ነበር። ሻንጣው ሌላ ከተማ ሦስት ቀን ከርሞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቀሚሱን ሁሉ በቅቤ አርሶ መጣ። አሁን ሲገባኝ ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ጠመንጃ አብሬ አላሸግኩም። ብልጦቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። ውድ ካሜራቸው እንዳይጠፋባቸው ለሩጫ ማስጀመሪያ የሚተኮሰውን ሽጉጥ ገዝተው ከካሜራው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡና «መሣሪያ አለን» ብለው ያስመዘግባሉ። ያኔ ሳጥኑ በራሳቸው ቁልፍ ይቆለፋል፣ የሚጠፋ ዕቃ መሆኑም ይቀራል። የእኛ ሻንጣ ግን ቁልፉ መንግሥት እጅ ባለው ማስተር ቁልፍ የማይከፈት ከሆነ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ቅቤ ከማንጠራችሁ በፊት አንድ ጠመንጃ ፈልጉ። ጥይትም አትርሱ፤ ብዙዎቹ አየር መንገዶች በሻንጣ እስከ 5 ኪሎ ይፈቅዳሉ።

የጠመንጃው ሚስጥር አጠባበቅማ ሌላ ነው። ሳጥኑ ውጭ ላይ «ጠመንጃ አለበት» የሚል ወረቀት እንዲለጠፍ ማድረግን የፌደራል ሕግ ለአጓጓዡ ይከለክላል። የአማቴ ሻንጣ ላይ ግን «ከባድ» የሚል ምልክት በትልቁ ተንጠልጥሎ አገር አየው።

አዳኙ ሲመለስም አንድ ነገር ብቻ ጥሎ ይመጣል። አጋዘኖችን አመንምኖ የሚገድል የአንጎል በሽታ ስላለ ብዙ ስቴቶች የታደነ አጋዘን አንጎልና አከርካሪ ከሌላ ስቴት እንዳይገባ ከልክለዋል። ቀንዱ ይገባል፣ ቆዳው ይገባል፣ ጠመንጃው ይገባል። ድንበር የማይሻገረው አንጎል ነው።

ባለ ጠመንጃው ራሱ ሁልጊዜ እንደ ሳጥኑ አይከበርም። በ1986 የወጣ የፌደራል ሕግ መነሻውም መድረሻውም ላይ መሣሪያ እንዲይዝ የተፈቀደለት ሰው በመካከል ያሉትን ስቴቶች ሊያልፍ ይችላል ይላል፤ መሣሪያው ካልጎረሰና ከእጁ ከራቀ። በ2005 ከዩታ ወደ ፔንስልቬኒያ የሚሄድ አንድ መንገደኛ ኒው ጀርሲ፣ ኒውአርክ ላይ ቀጣዩ በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። በማግስቱ እንደ ጨዋ ሰው «ሽጉጥ አለኝ» ብሎ ሲያስመዘግብ ታሰረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010፣ ያን ሌሊት ሻንጣው እጁ ሊደርስበት ይችል ስለነበር ሕጉ አይጠብቀውም አለ። ሽጉጡ ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ለብቻው ሲበር ምንም አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ቀልዴ ያንቀኛል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 ከአላስካ የተነሳ አንድ ሰው ፍሎሪዳ፣ ፎርት ሎደርዴል ወረደ። ያስረከበው ሻንጣ አንድ የሽጉጥ ሳጥን ብቻ ነበር፤ አስመዝግቦታል። ሳጥኑን ከመቀበያው ወስዶ መጸዳጃ ቤት ገባ። እስከዚያ በር ድረስ ሁሉም በደንቡ መሠረት ነበር። ውስጥ አጎረሰው፤ ወጥቶ አምስት ሰው ገደለ። ዛሬ አንዳንድ አየር መንገድ ሳጥኑን ለባለቤቱ ሲመልስ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ ነው፤ አማቴ የበርበሬ ከረጢት የሚያስሩበት ዓይነት።

መሳፈሪያው በር ጋ ዥጉርጉር ለባሹ አጠገባችን ተቀምጦ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር በጨርቅ ይወለውላል። መነጽሩ በእጅ ቦርሳ መግባት ይፈቀድለታል። አማቴ ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ ልጅ ምንድነው ሥራው?»

«አዳኝ ነው፣ እማማ። አውሬ ሊገድል ነው የሚሄደው።»

«እሰይ!» አሉና ወደ ፍተሻው ዞረው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ታዲያ ገድሎ ሲመለስ እናቱ አናቱን በምን ልትቀባው ነው፣ ልጄ? ቅቤውን ጥለውት!»