ሌባው ይሠራል፣ እኔ እቆልፋለሁ

ጀልባዬ ትንሽ ናት። ስድስት ሰው ስትጭን ሰባተኛው ዳር ቆሞ መልካም መንገድ ይመኛል። ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ ከኋላዋ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ሞተር የተሰቀለባት፣ ከአማቼ ጋር በጋራ የገዛናት ናት፤ በጋራ ማለት እሱ ገንዘቡን፣ እኔ ምክሩን አዋጣን ማለት ነው። ማደሪያዋ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ቅዳሜና እሑድ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዘጌ እንግዳ እናመላልስባታለን። ስለ ጀልባ ጥበቃ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው እስካሁን ማንነቱን የማላውቀው ሌባ፣ ሁለተኛው ሌባ ነህ ብሎ የያዘኝ ዘበኛ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ መካሪ ሳይሆን እንደ ተናዛዥ ነው። የነፍስ አባቴ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር ስላቃታቸው፣ ሌላውም ሰው ቢስቅበት ኃጢአቱ አይበዛም ብያለሁ።

ከስስቴ ልጀምር። ትንሽ የጀልባ ሞተር ከኋለኛው ሳንቃ ጋር የሚያያዘው በእጅ በሚጠብቁ ሁለት ብሎኖች ነው። ለመፍታት መፍቻ አይጠይቅም፤ ጣት ይበቃል። ክብደቱም 36 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከግማሽ ኩንታል ያንሳል፤ በእኛ አገር ይህን ተሸክሞ ዳገት የማይወጣ ጎረምሳ ካለ አሳዩኝ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ወይ ሁለቱን የብሎን እጀታዎች አንድ ላይ ይዞ የሚሸፍን፣ ጫፉ ላይ የሚቆለፍ ወፍራም የብረት ቱቦ መግዛት ነው፤ ወይ ሞተሩን ሳንቃውን አልፎ በሚሄድ ብሎን መትቶ ዳዶውን ከውስጥ ማጥበቅ ነው። እኔ ዋጋ ጠየቅሁና «ለአንድ ቁራጭ ቱቦ ይህን ያህል?» ብዬ ወጣሁ። በምትኩ ከገበያ ወርቅ የመሰለ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ። ሻጩ «ንጹሕ ነሐስ ነው» አለኝ፤ እኔም ዋጋው ስለ ጣመኝ አመንኩት። ነሐስ ቢሆን ኖሮ ውሃ አይደፍረውም ነበር። የእኔው ግን ነሐስነቱ ከቀለሙ አላለፈም፤ ክረምቱ ሲወጣ ዝጎ ለሌባም ለእኔም እኩል እምቢ አለ።

በመጨረሻ መዶሻ ይዤ ወረድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቁልፉን እየቀጠቀጥኩ ስሰብር ብዙ ሰው አለፈ። አንዱ «አይዞህ በርታ» አለኝ። አንድ እንኳ «ጀልባዋ የማን ናት?» ያለ የለም። ያን ጊዜ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን የሕዝቡን መልካምነት እያደነቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያንን ውድ ቱቦ ገዛሁ። ሞተሩ ተቆለፈ፣ እኔም ኮራሁ፤ ከኩራቴ በስተጀርባ ግን ስንፍናዬ ቁጭ ብሎ ነበር። 25 ሊትር ቤንዚን የሚይዘው ቀዩ ታንክ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በጎማ ቱቦ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ተጭነው ሲስቡት ይነቀላል። ባትሪውም በሁለት ሽቦ ነው የተያዘው። ሁለቱንም ማታ ማታ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት የምመልሰውን ዕቃ ዛሬ ማታ የምሸከምበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ጠዋት ስወርድ የብረት ቱቦዬ በቦታው፣ ቁልፉም እንደ ተቆለፈ ነበር። ታንኩ የለም፣ ባትሪው የለም፣ እቀመጥበት የነበረው የዋና ጃኬት ሳይቀር የለም። ሌባው ከቁልፌ ጋር አንዳች ጠብ አልፈለገም። ሌባ የሚወዳደረው ከቁልፍ ጋር ሳይሆን ከባለቤቱ ስንፍና ጋር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። በስንፍና ደግሞ እኔን የሚረታ የለም።

ላመለክት ሄድኩ። መዝጋቢው በትሕትና ጠየቀኝ፦

«የታንኩ መለያ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው።»

«የጣና ታንክ ሁሉ ቀይ ነው። ባትሪውስ?»

«ጥቁር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የሞተሩን ቁጥር ይዘዋል? እሱም አንድ ቀን ቢጠፋ…» አለኝ። የመኪናዬን የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ አገኘዋለሁ። የጀልባው ሞተር ቁጥር ግን ከሳንቃው ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ በትንሽ ምልክት ተለጥፎ፣ በስልኬ ካሜራ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ፎቶ ግን ነበረኝ። ሞተሩ አጠገብ ጥቁር መነጽር አድርጌ የተነሣሁት ነው። ለመዝጋቢው አሳየሁት፤ እሱም ለሥራ ባልደረቦቹ አሳያቸው።

ያ ፎቶ ሌላ ኃጢአቴን ያስታውሰኛል። ልምድ ያላቸው ባለ ጀልባዎች የሞተራቸውን ክዳን በማይረባ ቀለም ያበላሹታል፤ ስማቸውንም በትልቁ ይጽፉበታል። ገዢ የሚጠላው ሞተር ሌባም ይጠላዋልና። እኔ የእኔን በሰም እወለውለዋለሁ። ወልውዬም ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከሥሩ «ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ነኝ፣ ናፈቅሽኝ ጣና» ብዬ እጽፋለሁ። ሌባው ከወዳጆቼ መካከል ይኑር አይኑር እግዚአብሔር ይወቅ፤ ቀጠሮውን ግን በአደባባይ ሰጥቼዋለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከስርቆቱ በኋላ ሰንሰለት ገዛሁ። ይኸኛው ጥሩ ሰንሰለት፣ ጥሩ ቁልፍ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ፣ ጣና ጎድሎ ዳርቻው ሲገለጥ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ የተተከለ ብረት መርጬ ጀልባዬን ከሥሩ አሰርኳት። ሌባ ሊያወዛውዛት እንዳይችል ሰንሰለቱን በተቻለ መጠን አሳጠርኩት። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ በዝናብ ማን ይወርዳል ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ግን አልተቀመጡም። ሐይቁ ከግንቦት እስከ መስከረም ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ እንደሚል የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሰንሰለቱን ስቆልፍ ያሰብኩት ግን ሌባውን እንጂ ግልገል ዓባይን አልነበረም። ጀልባ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እንድትል ማሰሪያዋ ልል መሆን አለበት። የእኔዋን ነሐሴ ላይ ሳያት አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ኋላዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ነበር። በእውነትም ማንም አልሰረቃትም።

ልፈታት ገባሁ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነው፣ ቁልፉ ከሥር ነው፣ ውሃው በክረምት ደለል ደፍርሷል። እየዳበስኩ ሳለ መክፈቻው ከእጄ አመለጠ። ጣና ጥልቅ ከሚባሉ ሐይቆች ወገን አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ መክፈቻ ግን ወገብም ይበቃዋል። ቁራጭ ቡሽ ቢታሰርበት ተንሳፍፎ ይጠብቀኝ ነበር። ዋናተኛ ልጆች ቀጠርኩ፤ ሁለት ማንኪያና የሌላ ሰው መክፈቻ አወጡልኝ። በመጨረሻ ሰንሰለቱን በመጋዝ ቆረጥነው፤ አሁንም የጠየቀን የለም።

በዚህ ጊዜ ሰው ይማራል ትላላችሁ። እኔ ግን ብልጥ ሆንኩ፤ ከሞኝነቴ ሁሉ የከፋውም እሱ ነው። ጀልባዋ ወለል ላይ፣ በስተኋላ፣ ዳር ስትወጣ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ፤ በውታፍ ይደፈናል። ማታ ጀልባዋን ወደ ዳር ጎትቼ ውታፉን ነቅዬ በኪሴ ይዤ ብሄድ፣ ሌባው ገፍቶ ባስገባት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውሃ ይሞላባታል! ይህን ያሰብኩበትን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወጥመዱ ሠራ። በነጋታው የአማቼን እንግዶች ጭኜ፣ ስለ ክብራን ገብርኤል ታሪክ ገለጻ እየሰጠሁ፣ ከዳር ብዙም ሳንርቅ አንዲት እናት ጫማቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ውሃ ከየት ነው?» አሉኝ። ውታፉ በኪሴ ነበር፤ በሌላኛው ሱሪ ኪስ። ዳር እስክንደርስ ቀዳዳውን በተረከዜ ደፍኜ ገለጻዬን ጨረስኩ።

አማቼ ከእኔ ተስፋ ቆርጦ ሲም የሚገባበት፣ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ገዛ። ውሃ ላይ ያለች ጀልባ መቼ ቆማ እንደምታውቅ አልጠየቅንም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ሲመታት «ጀልባዎ ተንቀሳቅሷል» ይላል። ፔሊካን ሲያርፍባት ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲል ያድራል። ጥቂት ሰንብቶ ዝም አለ፤ እኔም «በመጨረሻ ሰላም ሆነ» አልኩ። ለካ የሲሙ ሒሳብ አልቆ ነው። ካርድ መሙላት የእኔ ድርሻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ኃጢአት ልምጣ። ባለ ጀልባዎቹ በየወሩ አዋጥተው ዘበኛ ቀጥረዋል። እኔ ከስርቆቱ ወዲህ «ታንኬ ሲወጣ የት ነበር? እሱው ራሱ ቢሆንስ?» ብዬ መዋጮዬን ያዝኩ፤ ጥርጣሬ ከስስት ጋር ሲስማማ እንዴት ይመቻል! አንድ ሌሊት ልሰልለው ቆረጥኩ። ጋቢ ለብሼ ጀልባዬ ውስጥ ተኛሁ። ዕቅዱ ነቅቶ መጠበቅ ነበር፤ የነቃሁት ግን የባትሪ መብራት ዓይኔ ላይ ሲበራና ዱላ ከጎኔ ሲቆም ነው።

«ተነስ አንተ! እጅህን አሳይ!»

«እኔ ነኝ፣ ባለቤቷ ነኝ!»

«ባለቤቷ ከሆንክ የሞተሩን ቁልፍ ክፈት።»

መክፈቻው ቤት ነው። መታወቂያዬ ቤት ነው። የሞተር ቁጥሩን ጠየቀኝ፤ አሁንም አልመዘገብኩትም። ወደ ጣቢያ እየነዳኝ መንገድ መብራት ሥር ስንደርስ ፊቴን በደንብ አየኝና አንቱታው ተመለሰ። «ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ፣ ጋሼ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፅዎን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በየሳምንቱ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርክ ብዬው አላውቅም። የሌሎቹን ባለ ጀልባዎች ድምፅ፣ ልጆቻቸውን፣ የሞተራቸውን አነሣስ ሳይቀር ያውቃል። ታንኬን የወሰደው ሰው ጀልባዬ ላይ ሲወጣ አይቶት ኖሮ እንኳ፣ የእኔ ሰው ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ከጀልባዬ ጎን የሚያርፉት የደንገል ታንኳዎች ናቸው። ቁልፍ የላቸውም፤ የሚቆለፍበት ቦታም የላቸውም። ባለቤቱ ከውሃ ሲመለስ ዓሣውን፣ መረቡንና መቅዘፊያውን ይዞ ይወጣል፤ ታንኳውንም ደረቅ መሬት ላይ ያቆማል። ይህን የሚያደርገው ሌባ ፈርቶ ሳይሆን ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድበትና እንዳይበሰብስበት ነው። የሚሰረቅ ነገር ሳይተው የሚያድረው ከሥራው ልማድ የተነሣ ነው። እኔ በገንዘብ ልገላገለው የሞከርኩት ያንን የየማታ ሸክም ነበር። ሌባው ግን በየሌሊቱ ሥራውን አያስተጓጉልም፤ እኔ አንድ ጊዜ ገዝቼ ለዘላለም ልተኛ ፈለግሁ።

አሁን በመጠኑ ተሻሽያለሁ። የሞተር ቁጥሩ በስልኬም በወረቀትም አለ። ስሜን በትልቁ ክዳኑ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፊደሉም ያስቀይማል። መዋጮዬን ከነውዝፉ ከፍያለሁ፤ ዘበኛውም አሁን በድምፄ ያውቀኛል። ሞተሩን ማታ ነቅዬ ስወጣ በአንድ በኩል ይይዝልኛል። መጀመሪያ ሞተሩንም ታንኩንም ሳሎን አስቀምጬ ነበር፤ ባለቤቴ ቤንዚኑ ሸቷት «ከከሰል ምድጃው አጠገብ ልታቃጥለን ነው? ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!» አለችኝ። በረንዳው ጥግ፣ ከእሳት ራቅ ያለ ነፋሻ ዕቃ ቤት ሠራሁለት። ይህን ሁሉ በየማታው አደርጋለሁ ብል ግን ኑዛዜዬ በሐሰት ያልቃል። ዳገቱ ዳገት ነው፣ እኔም እኔ ነኝ። ሲደክመኝ ለዘበኛው ሻይ ጋብዤ «ዛሬን ብቻ» እለዋለሁ፤ እሱም «ትናንትም ዛሬን ብቻ ነበር» ይለኛል።

ያ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ የተረፈው ቁልፍ ግን አሁንም እንደ ተቆለፈ ቤቴ አለ። ጠንካራ ቁልፍ ነው፤ እስካሁን ማንም ሊከፍተው አልቻለም። የሚገዛ ካለ በዋጋው አንጣላም፤ መክፈቻውን ግን ገዢው ራሱ ከጣና ያውጣ።